የማንም ያልሆነው እንግዳ

ፕራግ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2003

ለውድ አክስቴ ለራድሚላ፣

ቅዱስ ኒኮላ ቤትዎን ከነጣሪያው ይጠብቅልዎ። ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ጣሪያውስ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ለሦስት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ካፖርታችንን ለብሰን ነው የምንተኛው።

በስልክ ብነግርዎ ይቀል ነበር። ግን ባለፈው «ፊልም ልሠራ ነው» ስልዎ ሕልም አየሁ ያልኩ መስሎዎት ፍቺውን ስለነገሩኝ፣ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ባል ታገኛለሽ ያሉኝ እስካሁን አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመመረቂያ ዘጋቢ ፊልም መሥራት አለብኝ። አስተማሪያችን አንድ ሕግ አውጥተዋል፤ የምንቀርጸው ሰው የማናውቀው መሆን አለበት። ዘመድ አይሆንም፣ ጎረቤት አይሆንም፣ የጓደኛ ጓደኛም አይሆንም። «ስሙን እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት ካሜራው ፊት ሲናገር ይሁን» ነው የሚሉት። እስከ ሜይ አሥር ካላስረከብኩ ዓመቱን እደግማለሁ።

በየዓመቱ ለስላቫ፣ ለቤታችን ጠባቂ ለቅዱስ ኒኮላ በዓል፣ እርስዎ ቤት ስንሰበሰብ ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ሽማግሌ ትዝ አለኝ። ባለግራጫ ካፖርቱ። ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የማን ወገን ነው? ዘመድ ከሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ። ስሙን ግን አደራ እንዳይነግሩኝ።

የእርስዎዋ ኔቬና


ቻቻክ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2003

ለልጄ ለኔቬና፣

እግዚአብሔር ከብርድም ከከንቱ ትምህርትም ይሰውርሽ። መልሴ የዘገየው ቀይ ቃሪያ ጠብሼ ለክረምት ስከትት ስለሰነበትኩ ነው። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴም ጣሪያዬም ዝናብ በመጣ ቁጥር እኩል ይነሣባቸዋል።

ለመሆኑ የማታውቂውን ሰው ቅረጪ የሚል ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው? ዘመድ አለቀ? የባሌ ወንድም ሚሎየ ስልሳ እርግብ አለው። እሱን ከነእርግቦቹ ብትቀርጪው ደስታውን አይችለውም፣ እኛም ለአንድ ወር ስለ እርግብ ከመስማት እናርፍ ነበር። አይ፣ አንቺ የማታውቂውን ነው የምትፈልጊው።

ደግሞስ ያን ሰውዬ እኔን እንዴት ትጠይቂኛለሽ? የናንተ ወገን አይደለም እንዴ? አባትሽ ድራጊሻ በር ላይ ሦስቴ ስሞ «እሰይ መጣህልን» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር። እኔም የድራጊሻ ሰው ነው ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ፣ ከዓሣው ወፍራሙን ቆርጬ ሰጠሁት። አባትሽን ጠይቂ። እኔ የሰው ዘመድ መዝጋቢ አይደለሁም።

ሹራብ ልኬልሻለሁ። ቀለሙን አትወጂው ይሆናል፣ ግን ያሞቃል።

አክስትሽ ራድሚላ


ፕራግ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2003

ለውድ አክስቴ፣

ሹራቡ ደረሰኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ቀለሙንም ለምጄዋለሁ።

አባቴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ የት አውቀዋለሁ? የራድሚላ ወንድም የሥራ ባልደረባ መሰለኝ። እሷ ምድጃው አጠገብ ስታስቀምጠው አይቼ፣ የክብር ሰው ነው ብዬ ነው የሳምኩት።» ወንድምዎ ዘንድ ደወልኩ፤ እሳቸው ደግሞ የጋሼ ሚሎየ የእርግብ ደንበኛ ነው አሉ። ጋሼ ሚሎየ በበኩላቸው የሟቹ የባለቤትዎ የጋሼ ቭላስታ የወታደር ቤት ጓደኛ እንደሆነ ምለው ነገሩኝ። የት እንዳገለገሉ ስጠይቃቸው ስለ እርግቦቹ ጀመሩልኝ።

አክስቴ፣ ያ ሰው የማንም አይደለም! አሥራ ሁለት ዓመት አብሮን በልቷል፣ አንዳችንም አናውቀውም። ለአስተማሪዬ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «ይህን ፊልም ካልሠራሽ እኔ እሠራዋለሁ» አሉኝ።

አንድ ቅጽ አብሬ ልኬያለሁ። ለመቀረጽ ፈቃደኛ መሆኑን የሚገልጽ ነው። በዓሉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወይ ገበያ ካገኙት ያስፈርሙልኝ። ስሙን በወረቀት ሸፍነው ይላኩት።

ኔቬና


ቻቻክ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2003

ለልጄ ለኔቬና፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከጤናው ጋር ልብም ይስጥሽ። ቅጹን እሳት ማያያዣ አድርጌዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ትምህርት ቤትሽ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

የሰርብ ልጅ ሆነሽ ይህን እኔ ላስተምርሽ? በየቤቱ በየራሱ ቅዱስ ቀን ስላቫ ይደገሳል፤ ለስላቫ ግን ሰው አይጠራም። ደጁን ከፍተሽ ትጠብቂያለሽ፣ የመጣው ይመጣል። የገባ ደግሞ ማን ነህ አይባልም። አማቴ በጦርነቱ ዘመን የማያውቀው ወታደር ገብቶ ተቀምጦ ሲበላ፣ ካልሲ ሰጥቶ ሸኘው እንጂ ከየት ነህ አላለውም። እና እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ያበላሁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ «ይቅርታ፣ ማን ነበሩ? እዚህ ጋ ይፈርሙ» ልበለው?

እስቲ ስለሱ የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለት መቶ ግራም ቡና በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ብዙ አያወራም። ሲወጣ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው «እናንተም ወደኛ» ምናምን ብሎ ያጉረመርማል። አንዱ ካፖርት፣ ሌላው ጫማ ሲፈልግ ማን ያዳምጠዋል?

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ አንቺ ያን ዓመት አልነበርሽም። ቭላስታ የሞተ ጊዜ፣ ሐዘን ላይ ናት ብሎ ሁሉም ቀረ። አባትሽም ጭምር፣ ይህን ስጽፍ እየሰደብኩት አይደለም። ሻማውን አብርቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እሱ መጣ። ቡናውን አስቀመጠ፣ ዓሣውን በላ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ተቀመጠ። ድሮ አርባ ሰው ይመጣበት የነበረ ቤት ዛሬ ሰባት ስምንት ነን። እሱ ከቀረ ምን እንደሚቀረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ተይው።

ራድሚላ


ፕራግ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2003

ለውድ አክስቴ፣

በዓሉ በሰላም ያድርስዎ። እኔም እመጣለሁ፤ ለስላቫ ማንም አይከለከልም ብለዋልና እንደማይከለክሉኝ አውቃለሁ።

ትንሿን ካሜራ ብቻ ነው የምይዘው። እጁን፣ ባርኔጣውን፣ ሳህኑን እቀርጻለሁ። አፌን እዘጋለሁ፣ በጋሼ ቭላስታ ነፍስ እምላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ወንበሩን ከምድጃው ወደ መስኮቱ ያዙሩልኝ፣ ምድጃው ጋ ጨለማ ነው። የጣሪያውን አምፖልም ጠንከር ባለ ይቀይሩት። ማስቲካ የመሰለች ማይክሮፎን ደግሞ በሩ አጠገብ አንጠለጥላለሁ፤ ማንም አያያትም።

ኔቬና


ቻቻክ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2004

ኔቬና፣

ሰላምታው ለዛሬ ይቅር። ገናም አለፈ፣ አዲስ ዓመቱም ገባ፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር በንዴት መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አፌን እዘጋለሁ ብለሽ ምለሽ ነበር። ወንበሩን አዞርኩልሽ፣ አምፖሉን ቀየርኩልሽ፣ አሁን ወጥ ቤቴ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያበራል። ሰውዬው መጣ። ምድጃውን ፈለገ፣ ወንበሩን አጣው፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። እሺ አልኩ። ዓሣውን አቀረብኩለት። ገና አንድ ጉርሻ ሳይውጥ ያቺን መሣሪያ ፊቱ ላይ ደቅነሽ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ «እስቲ ስምዎን ይንገሩን፤ ወደዚህ ቤት ማን ነው ያመጣዎ?» አልሽው።

ሹካው ሳህኑን ሲነካ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፣ በዚህ ደንቆሮ ጆሮዬ። ሰውዬው ተነሣ። ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ልብሱን ማየት ጀመረ። በር ላይ አጠገቤ ቆሞ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ነበር፤ እኔ ግን ፊቴን ወዳንቺ አዙሬ እጮህ ነበር። ስዞር የለም። በዚያ ብርድ ባርኔጣውን ጥሎ ወጥቷል። አንቺም በአምስት ሰዓቱ ባቡር ውልቅ አልሽ።

የአማቴ ቤት ያን ወታደር እንኳ ማን ነህ ያላለ ቤት ነበር። በኔ ጊዜ፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ እንግዳ ማን ነህ ተባለ። አዋረድሽኝ ልጄ። ባርኔጣው በር ላይ ተሰቅሏል፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

መልስ አልፈልግም።

ራድሚላ


ፕራግ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ፣

መልስ አልፈልግም ብለዋል፤ ግን ይህን አንብበው እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በጋሼ ቭላስታ ነፍስ ምዬ አፈረስኩ። ስሙን ካሜራው ፊት መስማት አለብኝ የሚለው ነገር አናቴ ላይ ወጥቶ፣ ሰውዬው ሰው መሆኑን ረሳሁት። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍሬ ነው ባቡሩን የያዝኩት።

ካሴቱን ሳዳምጥ ግን በሩ አጠገብ የሰቀልኳት ማይክሮፎን እርስዎ ያልሰሙትን ሰምታለች። ሃያ ጊዜ እየመለስኩ ሰማሁት። ያለውን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት። እኔ የማንም አይደለሁም። በመጀመሪያው ዓመት የፋብሪካ ጓደኛዬን ቤት ስፈልግ ተሳስቼ ነው የገባሁት፤ መንገዱ ሁሉ ኒኮላን የሚያከብር ነው። ተነሥታችሁ ሳማችሁኝ፣ ዓሣ አቀረባችሁልኝ፣ ተሳስቻለሁ ማለት አፈርኩ። በዓመቱ ብቀር ደግሞ ተቀየመ ትላላችሁ ብዬ መጣሁ። እኛ ጊዮርጊስ ነን፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ቢጫው በር። በየዓመቱ እነግራችኋለሁ። ባለቤቴ ለዘጠኝ ሰው ታሰናዳ ነበር። ምን አስቀይመናቸው ነው የማይመጡት እንዳለች አለፈች።»

ከዚያ የበሩ ድምፅ አለ። ከዚያ እርስዎ «አንቺ ባለጌ» ሲሉኝ ይሰማል።

ለአስተማሪዬ አሰማኋቸው። ፊልሙ አለቀ፣ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም፣ ሽልማት ያገኛል አሉ። እኔ ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ አላስረክብም። ምን ላድርግ?

ኔቬና


ቻቻክ፣ ማርች 3 ቀን 2004

ለልጄ ለኔቬና፣

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን፣ እኔን አስበልጦ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መጻፌ በቁጣ አይደለም። ቁጣዬ ካንቺ ላይ ተነሥቶ ራሴ ላይ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት «እኛ ጊዮርጊስ ነን» እያለኝ፣ እኔ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ግቡ» እያልኩ በሩን ስዘጋበት! ወደኔ የመጣን ሰው በራሱ ቅዱስ ቀን ሄዶ ብድሩን መመለስ ሕፃንም የሚያውቀው ግዴታ ነው። እሱ ደግሞ ኑ ብሎ ሊጠራን አይችልም፣ ለስላቫ አይጠራማ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል ኬክ የጋገረች ሴት፣ ዘጠኝ ሳህን ደርድራ መስኮት መስኮቱን ስታይ አሰብኳት። ባልዋ እኛ ዘንድ ወፍራሙን ዓሣ በልቶ ሲመለስ «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላት ይሆናል። ወይ ጉድ! እኔ ብሆን እረግመን ነበር።

ባርኔጣውን ይዤ ሁለት ጊዜ እስከ ድልድዩ ሄድኩ፣ ሁለቴም ተመለስኩ። ከበዓሉ ቀን ውጪ ምን ብዬ ልግባ? ሜይ ስድስት ጊዮርጊስ ነው። ዘጠኝ ሆነን እንሄዳለን፣ አንድም ሰው አይጎድልም፣ አንቺም ትመጫለሽ፣ ያለ ካሜራ። ካሴቱንም ላኪልኝ። የሟች ሴት ቃል ለሽልማት አይቀርብም።

ራድሚላ


ፕራግ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ ወረወርኩት፣ እውነቱን ልንገርዎ። ምን እንደጠየቁኝ ያውቃሉ? ሰባት ወር የሠራሁበትን ነው። አስተማሪዬ ደግሞ ማዕዱ ላይ ከተቀመጥሽ ሰውዬው የማታውቂው ሰው መሆኑ ያበቃል፣ ሕጉ ይፈርሳል ይላሉ። ከዚህ ሕግ፣ ከዚያ ወግ፣ መሐል ላይ እኔ። ለአንድ ወር ከሁላችሁም ጋር ብቻዬን ስጨቃጨቅ ቆየሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከፕራግ የሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር ካሴቱን ይሰጥዎታል። ሌላ ቅጂ የለም፤ አስተማሪዬ እስካሁን አላመኑኝም።

እኔ ግን ልመጣ አልችልም። ፊልም ለምን እንደሌለኝ እንዳስረዳ ኮሚቴ ፊት የተቀጠርኩት በዚያው በሜይ ስድስት ነው። ካልቀረብኩ ዓመቱን መድገምም አይፈቀድልኝም። ዘጠነኛዋ በመጉደሏ ይቅር በሉኝ። ሰውዬውንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ኔቬና


ቻቻክ፣ ሜይ 8 ቀን 2004

ለልጄ ለኔቬና፣

ጊዮርጊስ ፈረሱን አሰግሮ ባለሽበት ይድረስልሽ። ከኮሚቴው በሰላም ወጣሽ ወይ? ዓመቱን ድገሚ ካሉሽ ድገሚ፤ እኔ አሥራ ሁለት ደግሜያለሁ።

ስምንት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ወንድሜ፣ ሚሎየና ሚስቱ፣ አባትሽና እናትሽ፣ ጎረቤቴ ስታና ከነባልዋ። ስታና «እኔ ሰውዬውን የት አውቄው?» ስትል «ማንስ ያውቀዋል፣ ካፖርትሽን ልበሺ» አልኳት። ሚሎየ እርግብ በስጦታ ካልያዝኩ ብሎ ግማሽ ሰዓት አስቆመን። እኔ ቡና በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ባርኔጣውን በሌላ እጄ ይዤ ነበር። ቢጫው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አጠገቡ የፖስታ ሳጥን አለ፣ ስም ተጽፎበታል። ፊቴን አዞርኩ፤ ማን ነሽ ሳልባል ከምገባበት ቤት ደጅ ቆሜ ማን ነህ ብዬ አላነብም።

ከፈተ። ስምንታችንንም አንድ በአንድ አየን። አሁን የእጃችንን ይሰጠናል፣ እናንተ ማን ናችሁ ይለናል አልኩ። እያንዳንዳችንን ሦስቴ ሳመን። «ግቡ፣ ጠቦቱ እንዳይቀዘቅዝ» አለ። አምናም የመጣን አስመሰለው።

ሳህኑ ዘጠኝ ነበር። ኔቬና፣ ዘጠኝ ሳህን ነበር።

እንኳን አደረሰዎ የቤቱ ጌታ አልነው፣ ተቀመጥን። አፌን ስከፍት ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና «አሥራ ሁለት ዓመት ዘገየን» ብቻ አልኩ። ሳቀ። «ድልድዩ ላይ መኪና በዝቶ ይሆናል» አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የባለቤቱ ፎቶ እዚያ ተሰቅሏል፣ ክብ ፊት፣ መነጽር ያላት ሴት ናት። ምንም አላስቀየማችሁንም፣ ደንቆሮዎች ሆነን ነው አልኳት። ካሴቱን ሰጠሁት፤ የሚያጫውትበት የለውም፣ ከፎቶው ሥር አስቀመጠው።

ስንበላ ባዶውን ሳህን አይቶ «ያቺ ባለካሜራዋስ?» አለ። ፊልሙን ትታ ኮሚቴ ፊት እንደቆመች፣ ይቅርታም እንደጠየቀች ነገርኩት። «በሚቀጥለው ጊዮርጊስ ትምጣ። መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ትቅረጽ» አለ።

ስንመለስ ድልድዩ መሐል ላይ ሚሎየ ቆመና «ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?» አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ አባትሽን አየሁት። አባትሽ ወንድሜን አየው። ከጠዋት እስከ ማታ ስንበላ ስንጠጣ ውለን፣ ተሳስመን፣ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ ለአስተማሪሽ ንገሪያቸው፤ ሕጋቸው አልፈረሰም። ሰውዬውም ሳህንሽን አላነሣውም።

አክስትሽ ራድሚላ